የሸርማን ወንድማማቾችና የቤተሰብ ዘፈን ክብደት

ለልጆች የሚጻፍ ዘፈን ብዙ ጊዜ ከቁም ነገር አይቆጠርም። ስለ ኦፔራና ስለ ጃዝ ብዙ ገጽ የሚጽፍ ተቺ፣ ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጦ የሚያዜመውን ዘፈን ማን እንደ ደረሰው ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። የሮበርትና የሪቻርድ ሸርማን ስም ከዘፈኖቻቸው በታች ተደብቆ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከግማሽ ምዕት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ለፊልም፣ ለመድረክና ለመዝናኛ መናፈሻ ግጥምና ዜማ ደርሰዋል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥራቸውን የሚያውቁት እንኳ ብዙዎቹ «ጣፋጭ ነው፤ ግን ጥልቀት የለውም» ብለው ያልፉታል። የእኔ ክርክር የዚህ ተቃራኒ ነው። የሸርማኖች ዘፈን ዕድሜ ያገኘው ሐዘንን ስላላወቀ አይደለም። ሐዘኑን አውቀው፣ ልጅ ሊሸከመው በሚችለው መጠን ለክተው፣ ከደስታው ሥር ስላኖሩት ነው። ይህንን ለማሳየት የሕይወታቸውንና የሥራቸውን ቅደም ተከተል መከተል ይበቃል።

አባታቸው አል ሸርማን በ1897 ኪየቭ ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደ አይሁዳዊ ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ፣ የሙዚቃ አሳታሚዎች ተጠጋግተው በሚሠሩበትና ቲን ፓን አሊ በሚባለው ሠፈር፣ ለሬዲዮና ለመድረክ ዘፈን እየጻፈ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። ሮበርት በ1925፣ ሪቻርድ በ1928 ኒውዮርክ ውስጥ ተወለዱ። የዘፈን ደራሲ ገቢ አንድ ዓመት ሞልቶ በሚቀጥለው የሚጎድል በመሆኑ ልጆቹ ከከተማ ከተማ ሲዘዋወሩ ቆይተው፣ በ1937 ቤተሰቡ ካሊፎርኒያ ቤቨርሊ ሂልስ ገባ። ታላቅየው ሮበርት 17 ዓመት እንደ ሞላው ወታደር ሆኖ ወደ አውሮፓ ዘመተ። በራሱ ምስክርነት፣ ከናዚ የማጎሪያ ካምፖች ወደ አንዱ ቀድመው ከገቡት አሜሪካውያን ወታደሮች መካከል ነበር። በ1945 ጉልበቱን በጥይት ተመትቶ እንግሊዝ አገር በሚገኙ ሆስፒታሎች ታከመ፤ ከዚያ በኋላ ሲራመድ ምርኩዝ አልተለየውም። ሪቻርድ ግን በዚያን ጊዜ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ነበር፤ ወታደራዊ አገልግሎቱን የሰጠው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። በሁለት ዓመት ከግማሽ የሚበላለጡት ወንድማማቾች ዓለምን ያዩበት ዓይን የተለያየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። አንዱ በ19 ዓመቱ የሰውን ልጅ ጭካኔ በዓይኑ ያየ፣ ዝምተኛና አንባቢ ሰው ሆነ። ሌላው ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ክፍሉን በሳቅ የሚሞላ ነበር።

ሁለቱም ኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በሚገኘው ባርድ ኮሌጅ ተማሩ። ሮበርት ሥነ ጽሑፍና ሥዕል አጠና፤ ታላቅ ልብ ወለድ ለመጻፍ ይመኝ ነበር። ሪቻርድ ሙዚቃ አጥንቶ ሲምፎኒ ለመድረስ ያልም ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ቤት ተከራይተው፣ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ፒያኖ እየነካ፣ ሁለቱም ኪሳቸው ባዶ ሆኖ ሲኖሩ አባታቸው ሊጠይቃቸው መጣና እልክ ውስጥ አስገባቸው፤ አንድ ልጅ የምሳ ገንዘቡን ከፍሎ የሚገዛው ዘፈን ሁለታችሁ ተባብራችሁ መጻፍ አትችሉም አላቸው። ከዚያ የተወለደውን ዘፈን በ1951 ታዋቂው የካውቦይ ዘፋኝ ጂን ኦትሪ አስቀረጸው። የአባትየው ፈተና ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ። መመዘኛው የተቺ ምስጋና ወይም የኮሌጅ መምህር ማረጋገጫ አልነበረም። የሚራብ ልጅ ምሳውን ትቶ የሚገዛው ነገር ሥሩ ማለቱ ነበር፤ ልጅን እንደ ቀላል ገበያ የሚቆጥር ሰው ይህን ያህል ከባድ መመዘኛ አያወጣም። ቀጥለው የመጡት ዓመታት ግን የድካም ነበሩ። ሮበርት በ1958 የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ፤ በዚያው ጊዜ የጻፉትን «ቶል ፖል» የተባለ ዘፈን የዲዝኒ የቴሌቪዥን ወጣት ኮከብ አኔት ፉኒቼሎ ዘፍናው በ1959 የአሜሪካ ሰንጠረዥ ላይ 7ኛ ደረጃ ደረሰ። በ1960 ለጆኒ በርኔት የሰጡት «ዩ አር ሲክስቲን» ደግሞ ከ14 ዓመት በኋላ የቢትልሱ ሪንጎ ስታር እንደገና ሲዘፍነው አንደኛ ወጣ።

ዋልት ዲዝኒ የእነዚህን ወጣቶች ሥራ የሰማው በአኔት በኩል ነው። በ1960 በደመወዝ ተቀጣሪ የዘፈን ደራሲ አድርጎ ስቱዲዮው ውስጥ አስገባቸው፤ በ1961 በወጣው «ዘ ፓረንት ትራፕ» ፊልም ውስጥ ሄይሊ ሚልስ የመንታ እህትማማቾችን ድምፅ ለብቻዋ የዘፈነችበትን ዘፈን ሰጡት። እውነተኛው ፈተና የመጣው ግን ዋልት አንድ መጽሐፍ አንብበው አስተያየታቸውን እንዲነግሩት በሰጣቸው ጊዜ ነው። መጽሐፉ ስለ አንዲት ሞግዚት የሚተርከው የፒ. ኤል. ትራቨርስ «ሜሪ ፖፒንስ» ነበር። ወንድማማቾቹ ካነበቡት በኋላ የተገነዘቡት ነገር ዘፈን ብቻ የሚጽፍ ሰው የሚያየው አይደለም። መጽሐፉ በየምዕራፉ የሚያስደንቅ ጀብዱ አለው፤ ከዳር እስከ ዳር የሚያያይዘው ጉዳይ ግን የለውም። ሞግዚቷ ለምን ወደዚያ ቤት መጣች? የምትፈውሰው ሕመም ምንድን ነው? ለፊልም የሚሆኑ ስድስት ያህል ምዕራፎች መርጠው አሠመሩ፤ ሪቻርድ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ዋልት የራሱን ቅጂ ከፍቶ ሲያሳያቸው ያሠመረባቸው ምዕራፎች እነዚያው ነበሩ። ታሪኩን ከ1930ዎቹ አንሥተው ወደ 1910 ለንደን ወሰዱት። ከጸሐፊው ከዶን ዳግራዲ ጋር ተቀምጠው፣ ስክሪፕቱ ገና ሳይጻፍ፣ ዘፈንና ታሪክ አብረው እንዲያድጉ አደረጉ። የቤቱ ሕመም ተገኘ፤ ሥራውን እንጂ ልጆቹን የማያይ አባት።

የፊልሙ ምሰሶ የሆነው ዘፈን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ደረጃ ላይ ለወፎች የዳቦ ፍርፋሪ ስለምትሸጥ አሮጊት የሚናገረው «ፊድ ዘ በርድስ» ነው። በትራቨርስ መጽሐፍ ውስጥ ስለዚህች ሴት አንድ ምዕራፍ አለ፤ ወንድማማቾቹ ከዚያ ምዕራፍ የፊልሙን ሁሉ መንፈስ አወጡ። ዜማው ቀስ ያለ ነው፤ ሐዘን በሚያጠላበት በማይነር ይጀምራል፤ የሚያስጨፍር ምት፣ የሚያስቅ ቃል የለውም። የሚጠይቀው ነገር ትንሽ ነው፤ ከሁለት ፔኒ የማይበልጥ ቸርነት። አሁን ይህ ዘፈን በታሪኩ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ እንመልከት። ሜሪ ፖፒንስ ለልጆቹ በምሽት ትዘፍንላቸዋለች። በማግሥቱ ልጁ ሁለት ፔኒውን ለአሮጊቷ ሊሰጥ ሲፈልግ አባቱ ባንክ ካላስገባኸው ይለዋል፤ ከዚያ በባንኩ ውስጥ ግርግር ይነሣል፤ አባትየው ሚስተር ባንክስ ከሥራ ሊባረር በሌሊት ይጠራል። ሚስተር ባንክስ በጨለማው ለንደን ብቻውን ሲሄድ ካቴድራሉ ደረጃ አጠገብ ይቆማል፤ አሮጊቷ የለችም፤ የእርሷ ዜማ ግን ከበስተኋላ ይሰማል። አንድም ቃል ሳይናገር ተመልካቹ ሰውየው ምን እንደ ጎደለው ያውቃል። የአንድ ጎልማሳ ሰው ንስሐ በልጆች ፊልም ውስጥ፣ ያለ ስብከት፣ በዜማ ብቻ ተነገረ። ያንን ማድረግ የሚችል ዘፈን ጥልቀት የለውም ማለት አይቻልም። ዋልት ዲዝኒም ይህን ተረድቶ ነበር፤ በዓርብ ማምሻ ወንድማማቾቹን ወደ ቢሮው ጠርቶ ሪቻርድ ይህንኑ ዘፈን እንዲጫወትለት ይጠይቅ ነበር። አሮጊቷን ሆና የተጫወተችው ጄን ዳርዌል ስትሆን የመጨረሻ የፊልም ሥራዋም ይኸው ሆነ።

የፊልሙ ቀላል የሚመስሉ ዘፈኖችም ቢሆኑ ከእውነተኛ ኑሮ የተቀዱ ናቸው። ሜሪ ፖፒንስን ሆና ለተጫወተችው ለጁሊ አንድሩስ ቀድሞ የተጻፈላት የመግቢያ ዘፈን አልተመቻትምና ሌላ ማምጣት ግድ ሆነ። ሮበርት በዚያው ሰሞን ቤቱ ሲገባ ልጁ በትምህርት ቤት የፖሊዮ ክትባት መውሰዱን ነገረው፤ መድኃኒቱ ኩብ ስኳር ላይ ጠብ ተደርጎ ነበር የተሰጠው። ስለ ማንኪያ ስኳር የሚናገረው ዘፈን ከዚህ ተወለደ። የዚያ ዘመን ወላጅ ፖሊዮ ማለት ምን እንደ ሆነ አሳምሮ ያውቃል፤ በየበጋው ልጅ የሚያሽመደምድ፣ ሲብስም የሚገድል በሽታ ነበር። ስለዚህ የስኳሩ ዘፈን የተጻፈው መድኃኒት የሚያስፈልገው ዓለም መኖሩን ባመነ ሰው ነው። የጭስ ማውጫ ጠራጊው ዘፈን «ቺም ቺም ቸሪ» ዳግራዲ ከሣለው የአንድ ጠራጊ ሥዕል ተነሥቶ ተጻፈ፤ እርሱም በማይነር የሚሄድ፣ ጥላ ያለበት ዜማ ነው። ፊልሙን የሚዘጋው የካይት ዘፈን ደግሞ ለአባታቸው የተሰጠ ምስጋና ነው፤ አል ሸርማን ለሠፈር ልጆች በነፋስ የሚበርር ካይት እየሠራ ያድል ነበርና። «ሜሪ ፖፒንስ» በኦገስት 1964 ለእይታ በቃ። ለ13 ኦስካር ታጭቶ 5 አሸነፈ፤ ከእነዚህ ሁለቱ፣ የምርጥ ዘፈንና የምርጥ ሙዚቃ ሽልማቶቹ፣ የወንድማማቾቹ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ቢታጩም ሌላ ኦስካር አላገኙም።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ይነሣል፤ የመጽሐፉ ባለቤት የራሷ ተቃውሞ። ትራቨርስ በ1961 ወደ ስቱዲዮው መጥታ ከወንድማማቾቹና ከዳግራዲ ጋር ተቀምጣ ነበር፤ ውይይቱ በድምፅ እንዲቀረጽ ያደረገችውም ራሷ ናት። ዘፈኖቹን፣ ካርቱኑን፣ የሞግዚቷን ልስላሴ አልወደደችውም። በመጽሐፏ ያለችው ሜሪ ፖፒንስ ቆጣ የምትል፣ ኩሩ፣ ማባበል የማታውቅ ሴት ናት፤ ፊልሙ ያለሰለሳት መሆኑ አይካድም። ትራቨርስ ቅሬታዋን እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ አልተወችም፤ ለመድረክ ፈቃድ ስትሰጥ እንኳ ከፊልሙ ሰዎች ማንም አዲስ ነገር እንዳይጽፍበት ፈለገች። በ2004 ለንደን ላይ የተከፈተው የመድረክ ሥራ የወንድማማቾቹን ነባር ዘፈኖች ይዞ አዲሶቹን ለእንግሊዛውያኑ ጆርጅ ስታይልስና አንተኒ ድሩ የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ደራሲዋ ስለ ራሷ ገጸ ባሕርይ የተናገረችው እውነት ነው። ነገር ግን የገጸ ባሕርይዋ መለስለስና የታሪኩ ክብደት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ሸርማኖች ከሞግዚቷ ላይ የቀነሱትን ምሬት በአባትየው ላይ ጨምረውታል፤ መጽሐፉ ውስጥ ጥግ የያዘውን ሚስተር ባንክስን አምጥተው የታሪኩ ቁስል አደረጉት። የትራቨርስን ሥራ ቀይረዋል፤ አቅልለውታል ግን አልልም።

በዚያው በ1964 ኤፕሪል በኒውዮርክ የዓለም ትርዒት ላይ ሌላ ሥራቸው ተከፈተ። ለዩኒሴፍ ክብር በተሠራው ድንኳን ውስጥ ጎብኚው በጀልባ እየተንሳፈፈ፣ ሜሪ ብሌር በነደፈችው ቀለማም ዓለም ውስጥ የየአገሩን ልጆች የሚወክሉ የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶችን ያያል። መጀመሪያ የታሰበው እያንዳንዱ አገር ብሔራዊ መዝሙሩን እንዲያሰማ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ላይ ሲሰሙ ግን ትርምስ ሆነ። ዋልት ወንድማማቾቹን ጠርቶ በማንኛውም ቋንቋ ሊዘፈን የሚችል አንድ ቀላል ዘፈን ጠየቃቸው። «ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ» የተሠራበት መንገድ የሙያቸውን ርቀት ያሳያል። ግጥሙና አዝማቹ ዜማቸው የተለያየ ቢሆንም በአንድ ዓይነት የኮርድ አካሄድ ላይ የቆሙ ስለሆኑ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው መዘፈን ይችላሉ። ጀልባው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲያልፍ፣ ቋንቋው ሲቀየር፣ መሣሪያው ሲቀየር፣ ድምፆቹ አይጋጩም። የተለያዩ ሕዝቦች ሳይጣሉ አብረው ይኖራሉ የሚለው ሐሳብ በቃል ብቻ ሳይሆን በዜማው አሠራር ውስጥ ተገነባ።

ይህን ዘፈን የዋህነት ነው የሚሉ አሉ፤ መደጋገሙ የሚያሰለቻቸውም ብዙ ናቸው። ለመሰልቸቱ መልስ የለኝም፤ ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ እንዲደገም የተሠራ ዘፈን ጆሮ ማድከሙ አይቀርም። የዋህነቱን ግን አልቀበልም። ሪቻርድ እንደተናገረው ዘፈኑ የተጻፈው የኩባ የሚሳይል ቀውስ ገና ከሰው አእምሮ ሳይጠፋ ነው። በኦክቶበር 1962 ዓለም ከኑክሌር ጦርነት አፋፍ ደርሳ ተመልሳ ነበር፤ እርሱም ሥራውን እንደ ሰላም ጸሎት ነበር የሚያየው። የመጀመሪያው ስንኝ ራሱ ደስታን ብቻ አይጠራም፤ እንባንና ፍርሃትንም አብሮ ያነሣል። ግጥሙን ከጻፉት ሁለት ሰዎች አንዱ የሕዝቦች ጥላቻ የት እንደሚያደርስ በዓይኑ ያየ አይሁዳዊ ወታደር መሆኑ ሲታወስ የዋህ ማለት ይከብዳል። መዝናኛው ከትርዒቱ በኋላ በ1966 ወደ ካሊፎርኒያ፣ ቀጥሎም ወደ ፍሎሪዳ፣ ቶኪዮ፣ ፓሪስና ሆንግ ኮንግ የዲዝኒ መናፈሻዎች ተስፋፋ።

ቀጣዮቹ ሥራዎች ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ስለ ድቡ ዊኒ ዘ ፑህ እንዲጽፉ ሲታዘዙ ታሪኮቹ አልገቡላቸውም ነበር። የ«ሜሪ ፖፒንስ» የአልባሳት ነዳፊ እንግሊዛዊው ቶኒ ዋልተን ግን በልጅነቱ ወፈር ያለ ልጅ ሳለ ያ ሆዳም ድብ እንዴት ጓደኛው እንደ ነበረ ሲያጫውታቸው መንገዱ ተከፈተላቸው፤ ዘፈኖቹን ያገኙት ከአንድ ልጅ ብቸኝነት ውስጥ ነው። በ«ዘ ጃንግል ቡክ» ላይ የሆነው ለክርክሬ ተቃራኒ ሊመስል ይችላል። መጀመሪያ ዘፈኖቹን የጻፈው ቴሪ ጊልኪሰን ነበር፤ ዋልት ሥራው በጣም ጨልሟል ብሎ ከአንዱ በቀር ሁሉንም አስቀረና ሸርማኖችን አመጣ። ታዲያ እነርሱ የተጠሩት ጨለማውን ለመፋቅ አይደለም? ያደረጉትን ላየ ሰው አይደለም። አስፈሪ ቦታዎቹን እየፈለጉ የጨዋታ ዘፈን እዚያው ላይ ተከሉ፤ የዝንጀሮዎቹ ንጉሥ ልጁን አፍኖ በያዘበት ሰዓት የንጉሡ ድምፅ የሆነው ሉዊ ፕሪማ በጃዝ ያስጨፍራል፤ እባቡ ልጁን ሊውጥ ሲጠመጠምበት በለሆሳስ ያባብለዋል። አደጋው እንዳለ ነው፤ ልጁ ሳይሸሽ እንዲያየው የሚያደርገው ዘፈኑ ነው።

ዋልት ዲዝኒ በዲሴምበር 1966 ሞተ፤ «ዘ ጃንግል ቡክ» የወጣው በማግሥቱ ዓመት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ ችሎታው የማን ነበር? የወንድማማቾቹ ወይስ ሲጠራቸው፣ ሲያርማቸው፣ እምቢ ሲላቸው የነበረው ሰውዬ? በ1968 ከዲዝኒ ውጭ የሠሩት «ቺቲ ቺቲ ባንግ ባንግ» ያለ እርሱም መቆም እንደሚችሉ አሳይቷል፤ በውስጡ ያለው የእሹሩሩ ዘፈን ከምርጥ ሥራዎቻቸው የሚቆጠር ነው። በ1971 «ቤድኖብስ ኤንድ ብሩምስቲክስ»፣ በ1973 «ቶም ሶየር»፣ በ1974 ብሮድዌይ ላይ «ኦቨር ሂር!»፣ በ1976 «ዘ ስሊፐር ኤንድ ዘ ሮዝ» ተከተሉ። ሆኖም ከእነዚህ አንዱም የ1964ቱን ጥግግት አልደገመም። የ1973ቱ «ሻርሎትስ ዌብ» ጥሩ ምስክር ነው። ደራሲው ኢ. ቢ. ዋይት ዘፈኖቹ ታሪኩን እያቋረጡ አስቸገሩ ብሎ አማረረ፤ በዚህ ከእርሱ ጋር ነኝ፤ ብዙዎቹ የታሪኩ ጅማት አይደሉም። ሸረሪቷ ልትሞት ስትል የሚመጣው፣ ስለ ጊዜና ስለ ሕይወት ዑደት የሚናገረው ዘፈን ግን በቦታው ያለ ነው። ስለዚህ ዋልት የሰጣቸው ነገር ችሎታ አልነበረም፤ ዘፈን ከታሪኩ እንዳይወጣ የሚጠብቅ ጥብቅ ዳኝነት ነበር። ዳኛው ሲሄድ ጥሩው ከደካማው ጋር ተቀላቀለ።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሕይወታቸው የሚነሣ ነው። በ2009 የሁለቱ ልጆች፣ የአጎት ልጆች የሆኑት፣ ስለ አባቶቻቸው ዘጋቢ ፊልም ሠሩ፤ ዓለምም ወንድማማቾቹ ከሥራ ውጭ የማይገናኙ፣ ቤተሰቦቻቸው በአንድ ሠፈር እየኖሩ የማይጠያየቁ እንደ ነበሩ ሰማ። ታዲያ ስለ ቤተሰብ ፍቅር የጻፉት ሁሉ ሐሰት ነበር? እንዲህ የሚል ሰው ጥበብን ከኑዛዜ ጋር ያምታታል። ዘፈኖቹ ቤተሰብ ያለ ድካም የሚስማማ ነው ብለው አያውቁም። ሚስተር ባንክስ በልጆቹ አጠገብ እየኖረ ከእነርሱ የራቀ ሰው ነው፤ ያንን ርቀት ማን ያውቀዋል ቢባል እነዚህ ሁለት ሰዎች ያውቁታል። ተኳርፈውም ቢሆን በየማለዳው አንድ ክፍል ገብተው፣ የሮበርት ትካዜና የሪቻርድ ፈንጠዝያ አንዱ ሌላውን እንዲያርመው ፈቅደው፣ እስኪስማሙ ድረስ ሲሠሩ መኖራቸው ለእኔ ከመዋደድ የማያንስ ታማኝነት ነው። ሥራው ላይ ማን ምን እንደ ጻፈ ሳይለዩ በጋራ ፈርመዋል።

በ2002 ሮበርት፣ ባለቤቱ ካረፈች በኋላ፣ ቆስሎ የታከመባትን እንግሊዝ መርጦ ለንደን ገባ፤ ሪቻርድ ቤቨርሊ ሂልስ ቀረ። በውቅያኖስ ተራርቀውም በመድረክ ሥራዎቻቸው ላይ መተባበራቸውን ቀጠሉ፤ በ2008 ሁለቱም የአሜሪካን ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሜዳሊያ ተሸለሙ። ሮበርት በማርች 2012 ለንደን ውስጥ በ86 ዓመቱ አረፈ። በ2018 የዲዝኒ ስቱዲዮ ኤ የተባለው ሕንጻ በሁለቱ ስም ተሰየመ፤ በዚያው ዓመት 90 የሞላው ሪቻርድ ለ«ክሪስቶፈር ሮቢን» ፊልም አዲስ ዘፈን ጽፏል። በ2022 የ«ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ» የ1964 ቅጂ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው እንዲቆዩ ከሚመረጡ ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ ገባ። ሪቻርድ ሸርማን በሜይ 25 ቀን 2024 በ95 ዓመቱ አረፈ።